የጄኔት ማከርዲ ጉዳይ፦ ሕግ የልጅን ገንዘብ ሲጠብቅ ልጁን ማን ይጠብቃል?

አሜሪካዊቷ ጄኔት ማከርዲ ትወና ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። ስሟ ግን ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፋም። በ2022 ያሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2025 ደግሞ አፕል መጽሐፉን ባለ 10 ክፍል ተከታታይ ድራማ አድርጎ እንደሚሠራውና የእናትየውን ሚና ጄኒፈር አኒስተን እንደምትጫወት ተነገረ።

ዜናው ብቅ ባለ ቁጥር የሚነሳው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። «ላሳደገቻት እናት ይህን ትመልሳለች?» የሚሉ አሉ። «ሆሊዉድ ነው ልጅነቷን የበላው» የሚሉም አሉ።

ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘላሉ። ማከርዲ ያደገችው በካሊፎርኒያ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ልጅ ተዋናይ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚማርና ከገቢው ስንት እንደሚቀመጥለት በሕግ ከወሰኑት ቀዳሚ ግዛቶች አንዷ ናት። ይህ ሁሉ ሕግ ባለበት አገር ልጅቷ በመጽሐፏ የተረከችው ሁሉ ደረሰባት። ስለዚህ ጥፋተኛው ማን ነው ከማለት በፊት ሕጉ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ መረዳት ይጠቅማል። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። ያው ሕግ ዛሬ በዩቲዩብና በቲክቶክ ለሚታዩ ልጆች እየተዘረጋ ነው።

ከጋርደን ግሮቭ እስከ ኒከሎዲየን

ማከርዲ በ1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወለደች። ያደገችው ከሎስ አንጀለስ ብዙም በማትርቀው በጋርደን ግሮቭ ከተማ ነው። ሦስት ታላላቅ ወንድሞች አሏት። ቤተሰቡ የሞርሞን እምነት ተከታይ ነበር፤ ኑሮውም ከእጅ ወደ አፍ ነበር። እናትየው ዕቃ መጣል አይሆንላቸውም ነበር። መኝታ ክፍሎቹ ጣሪያ እስኪነኩ በዕቃ ስለተሞሉ ልጆቹ የሚተኙት ሳሎን ውስጥ በሚታጠፍ ስስ ፍራሽ ላይ ነበር። ጄኔት ገና የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷን የጡት ካንሰር ያዛቸው። ያኔ ተረፉ። «እናታችን ትሞትብን ይሆን?» የሚለው ስጋት ግን ከቤቱ አልወጣም።

እናትየው በወጣትነታቸው ተዋናይ መሆን ይመኙ ነበር። ወላጆቻቸው አልፈቀዱላቸውም። ሴት ልጃቸው ስድስት ዓመት ሲሞላት «ተዋናይ መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ልጅ እናቱን ምን ብሎ ይመልሳል? እሺ አለች።

መጀመሪያ ከዋና ተዋንያኑ ጀርባ የምታልፍ አጃቢ ሆነች። ቀጥሎ እንደ «ማልኮም ኢን ዘ ሚድል» ባሉ የታወቁ ድራማዎች ትንንሽ ሚና ይሰጣት ጀመር። ትልቁ ዕድል የመጣው በ2007 ነው። ኒከሎዲየን የተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ «አይካርሊ» በተሰኘው አስቂኝ ድራማ የሳም ፓኬትን ሚና ሰጣት። 15 ዓመቷ ነበር። ድራማው የራሳቸውን የኢንተርኔት ትርኢት እየቀረጹ ስለሚያሠራጩ ታዳጊዎች ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያኔ በስክሪፕት የተጻፈው ጨዋታ አሁን የብዙ ልጆች የዕለት ተዕለት ኑሮ ሆኗል።

አይካርሊ እስከ 2012 ቆየ። በ2010 የተላለፈ አንድ ክፍል ከ11 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ነበረው። ለልጆች ቴሌቪዥን ይህ ከባድ ቁጥር ነው። በ2013 ከአሪያና ግራንዴ ጋር «ሳም ኤንድ ካት» የተባለ አዲስ ድራማ ጀመረች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ካንሰሩ ተመልሶባቸው የነበሩት እናቷ ሞቱ። ድራማው በሚቀጥለው ዓመት ቆመ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሥራ ሠርታ ትወናውን ተወችው። በ2021 በራሷ ፖድካስት ላይ ትወና ማቆሟን በግልጽ ተናገረች፤ በሠራቻቸው ሚናዎች እንደምታፍርም አልደበቀችም። በዚያው ዓመት አይካርሊ እንደገና ሲጀመር የቀድሞ ባልደረቦቿ ተመለሱ። እሷ አልተመለሰችም። አሁን የምትኖረው በመጻፍ ነው፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዷም በጥር 2026 ወጥቷል።

መጽሐፉ ያስነሳው ቁጣና ርኅራኄ

ሰውን ያስደነገጠው ርዕሱ ነው። «እናቴ በመሞቷ ደስ ብሎኛል» ይላል። እናት ከምንም በላይ በሚከበርበት ባህል ላደገ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥም ብዙዎች ተቆጥተዋል።

ውስጡን ላነበበ ግን ነገሩ ይለያል። ማከርዲ እናቷን የምትጠላ ልጅ አልነበረችም። ከመጠን በላይ የምትወድ፣ የእናቷን ፊት እያየች ስሜታቸውን የምትገምት፣ እሳቸውን ለማስደሰት ብላ የራሷን ፍላጎት የረሳች ልጅ ነበረች። 11 ዓመት ሲሆናት ሰውነቷ መለወጥ ጀመረ። ልጅ መስሎ መታየት ሥራ ለማግኘት ይረዳል። እናትየው ምግብ እየቀነሱ ማደግን ማዘግየት እንደሚቻል አስተማሯት። ያ ለብዙ ዓመት ያሠቃያት የአመጋገብ ሕመም መነሻ ሆነ። የሚያሳዝነው የሳም ፓኬት ዋና መለያ መብላት መውደዷ መሆኑ ነው። ሚሊዮን ልጆች በምትበላው ልጅ ይስቁ ነበር።

መጽሐፉ የመሥሪያ ቤቱንም ጉዳይ ያነሳል። በስም ያልጠራችውን፣ «ፈጣሪው» ብላ ብቻ የምታልፈውን የድራማ አዘጋጅ ባሕርይ ትገልጻለች። ስለ ኒከሎዲየን ቆይታዋ በአደባባይ እንዳትናገር 300,000 ዶላር እንደቀረበላትና እንዳልተቀበለችም ጽፋለች።

የሚተቿት ሰዎች የሚሉትም ቀላል አይደለም። እናትየው ሞተዋል፤ መልስ መስጠት አይችሉም። የምንሰማው የአንድ ወገን ትዝታ ነው። በሽታ፣ ድህነትና ያልተሳካ ምኞት የተደራረቡባቸው ሴት መሆናቸውንም መርሳት አይገባም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። እናትየው ልጃቸውን ይወዱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ልጅቷ ተጎድታለች ማለትም ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ግን በመካከላቸው ሊገባ የሚችል ሦስተኛ ወገን ነበረ ወይ የሚለው ነው።

የኩጋን ሕግ ከየት መጣ?

በአሜሪካ የልጅ ተዋንያን ነገር ሲነሳ «የኩጋን ሕግ» የሚባለው መጠቀሱ አይቀርም። ስሙን ያገኘው ከጃኪ ኩጋን ነው። ኩጋን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በድምፅ አልባ ፊልም ታይቶ ዓለምን ያስደነቀ ትንሽ ልጅ ነበር። በልጅነቱ ያገኘው ገንዘብ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። በዚያ ዘመን ይህ የማይታመን ሀብት ነው። 21 ዓመት ሲሞላው ገንዘቤ የት አለ ብሎ ጠየቀ። እናቱና የእንጀራ አባቱ ብዙውን ጨርሰውታል። በ1938 ከሰሳቸው። ተከራክሮ ያገኘው 126,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር።

ሕዝቡን ያስቆጣው የጠፋው ገንዘብ ብዛት ብቻ አልነበረም። በወቅቱ በነበረው ሕግ መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚያገኘው ገቢ የወላጆቹ ነበር። ማለትም ወላጆቹ በሕግ ዓይን አልሰረቁም። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ1939 ሕግ ያወጣው ይህን ለማረም ነው።

ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። የሚሠራው በፍርድ ቤት ለጸደቁ ውሎች ብቻ ነበር። ስንት ይቀመጥ የሚለውም ለዳኛው የተተወ ነበር። ሸርሊ ቴምፕልን እናንሳ። በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሕዝብ ዓይኑን የጣለባት ልጅ ነበረች። አድጋ ሒሳቧን ስታይ ካገኘችው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቀራት 44 ሺህ ገደማ ነበር። ትወናውን በ22 ዓመቷ አቁማ፣ በኋላ በጋና እና በቼኮስሎቫኪያ የአሜሪካ አምባሳደር ሆናለች።

ቀዳዳው የተደፈነው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በ1999 የወጣውና ከጥር 2000 ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ልጁ በመዝናኛው ዓለም የሚያገኘው ገቢ የልጁ የራሱ ንብረት ነው አለ። ሁለተኛ፣ አሠሪው ከጠቅላላ ክፍያው 15 በመቶውን በቀጥታ «የኩጋን ሒሳብ» ወደሚባል ዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲያስገባ አዘዘ። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ወላጅም ሆነ ሌላ ሰው ገንዘቡን አይነካውም። ኒው ዮርክ፣ ኢሊኖይ፣ ሉዊዚያና እና ኒው ሜክሲኮም ተመሳሳይ ግዴታ አላቸው።

አሜሪካን ለማያውቅ ሰው ግራ የሚያጋባው በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲህ ያለ ሕግ አለመኖሩ ነው። የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ የከለከለው የ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሕግ በፊልም፣ በቲያትር፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚሠሩ ልጆችን ከክልከላው ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ ጥበቃው በግዛቱ ይወሰናል። አንድ ልጅ የግዛት ድንበር ሲሻገር መብቱም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

አሥር ሺህ ዶላር ምን ይደርሰዋል?

ሕጉ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የካሊፎርኒያ ልጅ ለአንድ ድራማ 10,000 ዶላር ተከፈላት እንበል። 1,500 ዶላሩ ወደ ኩጋን ሒሳቧ ይገባል። ሥራውን ያገኘላት ኤጀንት ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ይወስዳል፤ 1,000 ዶላር ሄደ። የሥራ ጉዞዋን የሚመራላት ማናጀር ካላት ሌላ 10 ወይም 15 በመቶ ይወስዳል። ግብር አለ። የፎቶ፣ የትወና ትምህርትና የነዳጅ ወጪ አለ።

የተረፈው በወላጆቿ እጅ ይገባል። በወረቀት ላይ እሱም የልጅቷ ነው። ወላጅ በአደራ ነው የሚይዘው። ግን በየወሩ ሒሳብ የሚጠይቃቸው አካል የለም። የቤት ኪራዩ ከዚያ ቢከፈል ማን ያውቃል? ልጅ እናቱን ሒሳብ አምጪ አይልም። ስለዚህ ሕጉ አጥብቆ የሚይዘው 15 በመቶውን ነው፤ ሌላው በእምነት ላይ የቆመ ነው።

15 በመቶውም ቢሆን ሁልጊዜ ባለቤቱን አያገኝም። ወላጅ ሒሳብ ሳይከፍት ሲቀር ወይም አሠሪው ቁጥሩን ሲያጣው፣ ገንዘቡ በካሊፎርኒያ የመዝናኛ ባለሙያዎችን ለሚረዳ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በአደራ ይሰጣል። አድገው እንዲህ ያለ ገንዘብ እንዳላቸው የማያውቁ የቀድሞ ልጅ ተዋንያን አሉ።

ደቂቃ የሚቆጥር ሕግ

የሥራ ሰዓቱ ደግሞ ከገንዘቡ የበለጠ ጥብቅ ነው። በካሊፎርኒያ ከተወለደ 15 ቀን ያልሞላው ሕፃን ጭራሽ አይቀረጽም። ከ15 ቀን እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን በቀረጻ ቦታ መቆየት የሚችለው ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ካሜራ ፊት የሚሆነው 20 ደቂቃ ብቻ። በጠንካራ መብራት ሥር በአንድ ጊዜ ከ30 ሴኮንድ በላይ አይቆይም። በአሜሪካ ድራማዎች አንድ ሕፃን ብዙ ጊዜ በመንታ የሚሠራው ለዚህ ነው። አንዱ ሰዓቱ ሲያልቅ ሌላው ይገባል።

ከ9 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በትምህርት ወቅት በቀረጻ ቦታ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ይችላል። ከዚህ ውስጥ ሥራው ከ5 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ 3 ሰዓት ትምህርት፣ 1 ሰዓት ዕረፍት ነው። በቦታው «የስቱዲዮ መምህር» የሚባል ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይገኛል። ሥራው ማስተማር ብቻ አይደለም። የልጁን ጤና፣ ደኅንነትና ሥነ ምግባር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አደጋ ካየ ልጁን ከቀረጻ ማስወጣት ይችላል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የመምህሩ ሥልጣን ከስቱዲዮው በር አይወጣም። ልጅቷ ቤቷ ገብታ ምን እንደምትበላ አያይም። ወደ ተዋናይ መምረጫ ሙከራ በሚወስዳት መኪና ውስጥ ምን እንደሚባል አይሰማም።

ሕጉ ያልጠየቀው ጥያቄ

ማከርዲ ከጻፈቻቸው ትዕይንቶች አንዱ እዚያው መኪና ውስጥ የሆነ ነው። ገና ታዳጊ ሳትሆን አንድ ቀን ድፍረት አግኝታ ትወና መቀጠል እንደማትፈልግ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናትየው መሪ እንደያዙ አለቀሱ፤ ጮኹ። ዕድላችን ይህ ነበር አሉ። የእሷ ዕድል አላሉም። የሁለታቸው ነው። ልጅቷ ደንግጣ ቃሏን ወዲያው መለሰች።

ሌላም አለ። በልጅነቷ መጻፍ ትወድ ነበር። የመጀመሪያ ስክሪፕቷን ጽፋ ስታሳያቸው እናትየው ደስ አላላቸውም፤ ትወናው እንዳይቀር ፈሩ። ዛሬ ልጅቷ ኑሮዋን የምትመራው ያኔ በተከለከለችው ሥራ ነው።

የኩጋን ሕግ ለዚህ መልስ የለውም። የተነደፈው ገንዘብ እንዳይጠፋ ነው። የስቱዲዮው ሕግ የተነደፈው ልጅ እንዳይደክም፣ ትምህርቱም እንዳይቀር ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግን ሁለቱም ልጁ መሥራት መፈለጉን አስቀድመው አምነው ነው የሚጀምሩት። የሥራ ፈቃዱን የሚጠይቀው ወላጅ ነው፤ የሚፈርመው ወላጅ ነው። የልጁ ፈቃድ በወላጁ ፊርማ ውስጥ ተካቷል ተብሎ ይወሰዳል። በአብዛኛው ቤተሰብ ይህ ችግር የለውም። ወላጁ ራሱ የልጁን ገቢ ሲፈልግ ወይም የራሱን ያልተፈጸመ ምኞት በልጁ ሲያሳድድ ግን ጠባቂና ተጠቃሚ አንድ ሰው ይሆናሉ።

እዚህ ላይ «አዋቂ ብትሆንም ትተውን ነበር፤ እንዳታቆም ማን ከለከላት?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ምክንያታዊ ጥያቄ ነው። መልሱ ልማድ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የቤተሰቡ ኑሮ በእሷ ላይ ተደግፏል። በ18 ዓመት አንድ ቀን ነቅቶ በቃኝ ማለት ሥራ መልቀቅ ብቻ አይሆንም፤ ቤተሰብን መጣል ሆኖ ይሰማል። እሷም ያቆመችው እናቷ ከሞቱ ከዓመታት በኋላና ከረጅም የሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ነው።

በመጋቢት 2024 የተላለፈ አንድ ዘጋቢ ፊልም የልጆች ቴሌቪዥንን የውስጥ ገበና ሲያወጣ ነገሩ ሰፋ። ማከርዲ በፊልሙ አልተሳተፈችም። በ2004 በልጅ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ተፈርዶበት የታሰረ የቀድሞ የንግግር አሠልጣኝ ጉዳይ እንደገና መነጋገሪያ የሆነው ያኔ ነው። ያ ወንጀል ነው፤ ሕግ አለው፤ ፍርድም ተሰጥቶበታል። የማከርዲ ታሪክ የሚከብደው አብዛኛው ነገር ወንጀል ሳይባል ማለፉ ነው።

ከስቱዲዮ ወደ ሳሎን

አሁን ካሜራው ቤት ገብቷል። «የቤተሰብ ቭሎግ» የሚባለው የቤተሰብን የዕለት ኑሮ እየቀረጹ ዩቲዩብ ላይ መጫን ነው። ተመልካች ሲበዛ ማስታወቂያ ይመጣል፤ ገንዘብ ይመጣል። ብዙ ተመልካች የሚያመጣው ደግሞ ልጅ ነው። እዚህ ግን የስቱዲዮ መምህር የለም። ሰዓት የሚቆጥር የለም። አሠሪውም ወላጁ ነው።

መጀመሪያ እርምጃ የወሰደችው ፈረንሳይ ናት። በጥቅምት 2020 ባወጣችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ገቢ በመንግሥት የገንዘብ ተቋም እንዲቀመጥ፣ ልጁም ቪዲዮው እንዲጠፋለት መጠየቅ እንዲችል አደረገች። ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚዋ ኢሊኖይ ናት። ሐሳቡን ለምክር ቤት አባሏ በደብዳቤ ያቀረበችው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ሕጉ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ይሠራል። በ30 ቀን ውስጥ ቢያንስ 30 በመቶው የቤተሰቡ ገቢ ያለው ቪዲዮ ልጁን ካሳየ ልጁ ድርሻ አለው። ስሌቱ ልጁ የታየበት ድርሻ ግማሽ ነው። አንድ ቪዲዮ 1,000 ዶላር አስገብቶ ልጁ በ60 በመቶው ከታየ፣ 300 ዶላሩ በአደራ ሒሳብ ይቀመጥለታል። ወላጅ ካላስቀመጠ ልጁ ሲያድግ መክሰስ ይችላል።

ካሊፎርኒያ በመስከረም 2024 ሁለት ሕጎች አጽድቃ የኩጋንን ጥበቃ ወደ ኢንተርኔት አመጣችው። ሕጎቹ ሲፈረሙ በአደባባይ የደገፈቻቸው የቀድሞዋ ልጅ ተዋናይት ዴሚ ሎቫቶ ናት። ሚኒሶታ ራቅ ብላ ሄደች። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በእንዲህ ያለ ሥራ እንዳይሠማራ ከልክላለች፤ ይዘቱ እንዲነሳለት የመጠየቅ መብትም ሰጥታለች።

ዩታ ወደ ሕጉ የገባችው በከባድ ምክንያት ነው። ሩቢ ፍራንኪ የተባለች እናት ስድስት ልጆቿን እያሳየች ሚሊዮኖች የሚከታተሉት የዩቲዩብ ቻናል ነበራት። ነሐሴ 2023 በልጆቿ ላይ በፈጸመችው ጭካኔ ታሰረች፤ በየካቲት 2024 ከአንድ እስከ 15 ዓመት የሚደርሱ አራት ተከታታይ የእስር ቅጣቶች ተፈረደባት። አዋቂ የሆነችው ትልቋ ልጇ በግዛቱ ምክር ቤት ቀርባ የቤተሰብ ቭሎግ ለልጆች ምን እንደሆነ ተናገረች። በመጋቢት 2025 ሕጉ ተፈረመ። ልጆች አድገው የታዩበት ቪዲዮ እንዲወርድ መጠየቅ ይችላሉ።

ክርክሩ የት ላይ ነው?

ሕጎቹን የሚቃወሙ ወላጆች የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ልጄ ቤቱ ውስጥ ሲጫወት መቅረጽ ሥራ አይደለም ይላሉ። ገቢው ለቤት፣ ለትምህርትና ለምግብ ነው፤ ልጁም ተጠቃሚ ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ለቀው በዚህ የሚተዳደሩ ናቸው። መንግሥት በሰው ሳሎን ምን ያደርጋል የሚለውም ጥያቄ በአሜሪካ ክብደት አለው።

በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ ሕጎቹ በጣም አነሱ ይላሉ። ለእነሱ 30 በመቶ የሚለው መስፈርት በቀላሉ የሚታለፍ ነው። ማን ይለካዋል? መዝገቡን የሚይዘው ወላጁ ራሱ ነው። ልጁ የሚከስሰውም ራሱን ያሳደገውን ሰው ነው። ኩጋን እናቱን የከሰሰው ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነበር። አዲሶቹ ሕጎች ያንኑ መንገድ ነው ለልጆች የከፈቱት።

የእኔ ግምት የሚኒሶታና የዩታ መንገድ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ችግሩ ሥር ቀርቧል የሚል ነው። ገንዘብ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ቪዲዮን የማስወረድ መብት ግን ልጁ ራሱ በአንድ ወቅት «አልፈልግም» የሚልበት የመጀመሪያ ሕጋዊ ቦታ ነው። ጉድለቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ቪዲዮው ከወረደም በኋላ ቅጂው በሌላ ሰው ስልክ አይጠፋም። የተሻለው ነገር ልጁን ብቻውን፣ ወላጁ በሌለበት የሚያነጋግር ገለልተኛ ሰው ቢኖር ነበር። በስቱዲዮ ለዚህ የሚሆን ሰው አለ። የመምህሩን ሥልጣን በትንሹ ማስፋት ይበቃል። ቤት ውስጥ ግን እስካሁን ማንም መልስ አላገኘለትም።

በአሜሪካ ለሚኖሩ የእኛ ቤተሰቦች

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኒሶታና በካሊፎርኒያ ይኖራሉ። በአማርኛ የቤተሰብ ቭሎግ የሚሠሩ፣ የልጆቻቸውን ልደት፣ የእንጀራ ሙከራና የአማርኛ ስህተት እያሳዩ ተመልካች ያፈሩ ወላጆች አሉ። ብዙዎቹ በፍቅር ነው የሚሠሩት፤ ልጆቹ ቋንቋቸውን እንዳይረሱ የሚፈልጉም ናቸው። ቪዲዮው ገቢ ካመጣ ግን በሕግ ፊት ይዘቱ በአማርኛ መሆኑ ለውጥ የለውም። የሚታየው የሚኖሩበት ግዛት ነው።

በኢትዮጵያ የ2019 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም.) የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። እናት ልጇን ቤቷ ውስጥ ስትቀርጽ ግን የቅጥር ውል የለም፤ አዋጁ የሚያስበው አሠሪና ሠራተኛን ነው።

በኢሊኖይና በካሊፎርኒያ የሚኖር ወላጅ መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ነገር መዝገብ መያዝ ነው። የኢሊኖይ ሕግ ልጁ በስንት ቪዲዮ ታየ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ቪዲዮው ስንት አስገባ የሚለውን ወላጁ እንዲጽፍ ያዝዛል። ከዚያ በልጁ ስም የአደራ ሒሳብ ይከፈታል። ሚኒሶታ ያለ ወላጅ ደግሞ ልጁ 14 ዓመት ካልሞላው ገቢ ያለውን ቪዲዮ ከመጫኑ በፊት ጠበቃ ቢያማክር ይሻለዋል። ልጁ «ዛሬ አትቅረጹኝ» ካለ ካሜራውን ለማጥፋት ግን የየትኛውም ግዛት ሕግ አያስፈልግም።